ከክታብ እስከ ጆርናል፦ ስለ ፈውስ ሥዕል ጽፎ ጤና ጆርናል ላይ ማሳተም እንዴት ነው?

ይሄ መመሪያ ጤና ተምረው ወይ እየተማሩ ግን የድሮ ብራና፣ ክታብ፣ የቤተክርስቲያን ሥዕል ሲያዩ ቀልባቸው ለሚሰረቅ ሰዎች ነው። ብዙ ሰው የጤና ጆርናል ማለት ቴብልና ፒ ቫልዩ ብቻ ይመስለዋል፣ ግን የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ጆርናል የሆነው ጃማ ከ1964 ጀምሮ ለአስርት ዓመታት ሽፋኑ ላይ ሥዕል ያወጣ ነበር፣ የእንግሊዙ ጆርናል ላንሴትም ስለ ሕክምናና ጥበብ ሚጻፍበት ዓምድ አለው፣ የአሜሪካው በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ሚያሳትመው የተላላፊ በሽታዎች ጆርናል ደግሞ ሽፋኑ ላይ ሥዕል አድርጎ ውስጥ ስለዛው ሥዕል ጽሑፍ በማውጣት ይታወቃል። ስለዚ በሩ አለ፣ መግቢያው ነው ሚቸግረው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

እኔ መጀመሪያ የላክሁት ጽሑፍ ርዕሱ «ፈውስ በኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ» ነበር፣ በ2000 ቃል ውስጥ ክታቡንም መስቀሉንም ጠበሉንም የጎንደር ሥዕሉንም አጭቄበት፣ አዘጋጁ ለገምጋሚ እንኳ ሳያሳይ መለሰልኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ሳየው እኔም እመልሰው ነበር።

1ኛ፦ አንድ ዕቃ ምረጡ። አንድ።

«ክታብ በኢትዮጵያ» የጆርናል ርዕስ አይደለም፣ እድሜ ልክ ሚፈጅ መጽሐፍ ነው። ርዕስ ሚሆነው «እዚህ ቦታ ያለ፣ በዚህ ቁጥር የተመዘገበ፣ ሱስንዮስ ወርዘልያን ሲወጋ ሚያሳይ አንድ ክታብ» ነው። እንደዛ አይነቱን ክታብ እስከ መጨረሻው እንደ ምሳሌ ይዤው እሄዳለሁ። ታሪኩን ለማታውቁ፣ ወርዘልያ ሕፃናት ምትገድል ክፉ መንፈስ ናት፣ ሱስንዮስ ደግሞ ልጁ የሞተበት ቅዱስ ነው፣ በፈረስ ሆኖ ተከታትሎ በጦር ይወጋታል። ልጅ እየሞተባት ወይ እያስወረዳት የተቸገረች እናት ደብተራ ጋ ሄዳ ይሄን ጸሎት ከነሥዕሉ በብራና ታስጽፋለች፣ ትይዘዋለች።

አዲስ አበባ ያላችሁ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሂዱ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪና ዌልካም ኮሌክሽን፣ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ የኛ ክታቦች አሉ፣ አንዳንዶቹን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በስልክ ማየት ይቻላል።

2ኛ፦ ስለሱ ከማንበባችሁ በፊት ዕቃውን እዩት።

ግማሽ ሰዓት፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይዛችሁ። ስንት ቁራጭ ብራና ነው የተሰፋው? ርዝመቱና ስፋቱ ስንት ሴንቲሜትር ነው? ቀይ ቀለም የት የት ገባ? ሥዕሉ ስንት ነው፣ ከላይ ነው ከመሃል? ክታብ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል ይባላል፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ፣ ስለዚ ርዝመቱ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም፣ ስለ ሰውየው ወይ ስለ ሴትየዋ ሚነግራችሁ ነገር ሊሆን ይችላል። ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ ሲገባ መጀመሪያ አካሄዱን ምናየው አይደል? ያንን ዓይን ነው እዚህ ይዛችሁ ምትመጡት።

ከዛ ዓይኖቹን እዩ። ክታብ ላይ መላእክቱም፣ ስምንት ጫፍ ኮከቡ መሃል ያለው ፊትም፣ ሁሉም ያፈጥጣሉ። ያጠኑት ሰዎች ሚሉት ነገር አለ፣ ሥዕሉ ሚያየው ሰውን ሳይሆን ሰውየው ውስጥ ያለውን መንፈስ ነው፣ በሽተኛው ሥዕሉ ላይ ሲያተኩር መንፈሱ በሱ ዓይን ያያል፣ ደንግጦም ይወጣል። ይሄን ስሰማ ነው ክታብ ጌጥ መስሎ መታየቱ የቀረልኝ፣ ሥዕሉ ራሱ መድኃኒቱ ነው ማለት ነው።

3ኛ፦ ከጤናው ጋር ሚያገናኘውን ጥያቄ አውጡ፣ ግን የሞተ ሰው አትመርምሩ።

ብዙ ጽሑፍ ሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ክታቦች ላይ ከወርዘልያ ጎን ሾተላይ ሚለው ስም ይመጣል፣ እሱም ሕፃን ሚገድል ነው። አሁን ደግሞ ማንኛውም ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል በር ላይ ቁሙ፣ «ሾተላይ አለብኝ»፣ «የሾተላይ መርፌ ተወግቻለሁ» ሚል ትሰማላችሁ፣ እዛ ሾተላይ ማለት አርኤች ኔጌቲቭ እናት አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ ስታረግዝ ሚመጣው ጣጣ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፣ የእናትየው ሰውነት ግን የልጁን ደም እንደ ባዕድ ለይቶ መከላከያ ያመርትና ቀጣዮቹን ይጎዳል። አርኤች ሚባለው የደም ነገር የታወቀው በ1940 ነው፣ ይሄን ጣጣ ሚከላከለው የአንቲ ዲ መርፌ ደግሞ በ1968 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ፣ የእናትየው ሰውነት መከላከያውን አስቀድሞ ካላመረተ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ እና ልጁ አርኤች ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል።

እዚህ ጋ ሁሉም ሚቸኩልበት ዓረፍተ ነገር አለ፦ «አባቶቻችን ሾተላይን ከሳይንስ በፊት ያውቁት ነበር»። ኧረ በፍጹም እንዳትጽፉት። ክታቧን ያስጻፈችው እናት የደም ዓይነቷ ምን እንደነበር ማንም አያውቅም። ልጆቿ በተደጋጋሚ የሞቱት በቂጥኝ ሊሆን ይችላል፣ በመንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል፣ በወባም፣ በሌላም። መጀመሪያ ልጅ ኖሮ ቀጥለው ያሉት መሞታቸው ከአርኤች ጋር ቢመሳሰልም መመሳሰል ምርመራ አይደለም፣ ይሄን ክሊኒክ ውስጥ ብትሉት ሲኒየራችሁ ያባርራችኋል።

ታዲያ ምን ይጻፍ? የቃሉ ጉዞ ይጻፍ። የመንፈስ ስም የነበረ ቃል እንዴት የደም ዓይነት ስም ሆነ፣ ነርሷ ለማስረዳት ስትል ያንን ቃል ስትጠቀም እናትየው ምን ትሰማለች፣ መርፌውን እንድትቀበል ይረዳል ወይስ «መንፈስ በመርፌ አይወጣም» ብላ ትሄዳለች? ይሄ ጆርናል ሚፈልገው ጥያቄ ነው፣ መልሱ ያለው ከዛሬዎቹ እናቶች ጋ ስለሆነ መጠየቅና ማጣራት ይቻላል።

ሥዕልና በሽታ በደንብ ሚገናኙበት ምሳሌ ካማራችሁ ፈረንሳይ ኮልማር ከተማ ኡንተርሊንደን ሙዚየም ያለውን የኢዘንሃይም መሠዊያ ሥዕል እዩ። ግሩኔቫልድ ነው የሣለው ከ1512 እስከ 1516 ባለው፣ የሣለውም በቅዱስ እንጦንስ ስም ለተቋቋመ ገዳም ነው፣ መነኮሳቱ ደግሞ በዛ ዘመን «የእንጦንስ እሳት» ሚባለውን በሽታ ሚያስታምሙ ነበሩ። በሽታው አጃ መሳይ እህል ላይ ሚወጣ ፈንገስ ሚያመጣው መመረዝ ነው፣ ያቃጥላል፣ እጅና እግር ያደርቃል። እዛ ሥዕሉንና በሽታውን ያገናኘው የሆስፒታሉ ታሪክ ነው፣ የጸሐፊው ግምት አይደለም። በነገራችን ላይ ይሄው መመረዝ በ1977 እና 78 ወሎ ውስጥ በፈንገሱ በተበከለ ሲናር፣ በ2001 ደግሞ አርሲ ውስጥ በገብስ ምክንያት ተነስቶ ነበር፣ ሁለቱም በጤና ጆርናል ተጽፈዋል። ወሎ ወይ አርሲ ተወልዶ ጤና የተማረ ሰው ያንን ሥዕል ይዞ ቢጽፍ እኔ ቀድሜ አነበዋለሁ።

4ኛ፦ ምልክቱን አጣሩ።

እባብ ያለበት ሁሉ የሕክምና ምልክት አይደለም። የሕክምናው የአስክሊፒዮስ በትር ነው፣ አንድ በትር አንድ እባብ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዓርማ ላይ ያለው እሱ ነው። ሁለት እባብና ክንፍ ያለው የሄርሜስ በትር ነው፣ ሄርሜስ ደግሞ የነጋዴና የመንገደኛ አምላክ ነበር፣ ከሕክምና ጋር የተደባለቀው በተለይ የአሜሪካ ጦር የሕክምና ክፍል በ1902 ምልክቱ ካደረገው በኋላ ነው። የኛ ስንት ክሊኒክ ታፔላ ላይ እንዳለ እስቲ ነገ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ቁጠሩ።

ደሞ ሁላችንም ምንወዳት አንዷ፣ ሙሴ በበረሃ የሰቀለው የናስ እባብ። ኦሪት ዘኍልቁ 21 ላይ ያለው ያየው ሁሉ ይድናል፣ ኋላ ሕዝቡ ሲያጥንለት ሕዝቅያስ ሰባበረው፣ ሁለተኛ ነገሥት 18 ላይ አለ። ሥዕልን አይቶ መዳን ሚለው ሐሳብ ከክታቡ ጋር ደስ ሚል ንግግር አለው፣ ያንን ጻፉ። «የግሪኩ ከሙሴ የመጣ ነው» ካላችሁ ግን ገምጋሚው ማስረጃ ይላችኋል፣ የላችሁም።

ቀይ መስቀልን ደግሞ እንደ ማስዋቢያ አትጠቀሙት፣ በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ምልክት ነው፣ የሕክምና አጠቃላይ ምልክት አይደለም።

አንድ የቃል ነገርም አለ። የውጭ ካታሎጎች ክታብን ጥንቆላ በሚመስል ቃል፣ «የአስማት ጥቅል» እያሉ ይተረጉሙታል። ግእዝ የነካካ ሰው ግን አስማት ማለት የስም ብዙ ቁጥር እንደሆነ ያውቃል፣ ጸሎቱ የእግዚአብሔር ስሞች ድርድር ስለሆነ ነው። እናንተ «የፈውስ ጥቅል» ሚለውን ተጠቀሙና ለምን እንደመረጣችሁት አንዴ አስረዱ። ቃለ መጠይቅ ስትሄዱም «መሪጌታ» ወይ «የኔታ» በሉ፣ ጠንቋይ ያላችሁት ሰው ቡና እንኳ አያጠጣችሁም።

5ኛ፦ ፈቃድና ምስጢር።

ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ተደናብሬ ነው የደረስኩበት። ክታብ ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፋል፣ «አድኅና ለአመትከ» (አገልጋይህን አድናት) ተብሎ እገሊት እየተባለ፣ በጸሎቱ መሃል ደጋግሞ። ሕመሙም እዛው ተጽፏል፣ የሾተላይ፣ የደም መፍሰስ፣ የራስ ምታት፣ የቡዳ። ስሟና ሕመሟ አንድ ወረቀት ላይ ያለ ሰው ምን ይባላል? ካርድ ነዋ! የበሽተኛ ካርድ። የሕክምና ጆርናሎች ደግሞ የበሽተኛን ማንነት ሚያሳይ ምስል ያለ ፈቃድ አያትሙም። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ሙዚየም ያለ ክታብ ላይ ይሄ ላያስጨንቅ ይችላል፣ ግን ጎረቤታችሁ ያሉ እማማ ከአያታቸው የወረሱት ወይ ራሳቸው ያስጻፉት ከሆነ ስሙ ያለበትን መስመር ሸፍናችሁ አንሱ፣ ወይ ሥዕሉን ብቻ አንሱ፣ ፈቃዳቸውንም በጽሑፍ ውሰዱ። እማማ ማንበብ ካልቻሉ ምስክር ባለበት አንብባችሁላቸው በጣት አሻራ። አንዳንድ ክታብ ላይ ደግሞ የድሮው ስም ተፍቆ ሌላ ስም ተጽፎበት ታገኛላችሁ፣ እጅ ሲቀይር ነው፣ እሱ ራሱ ሚጻፍ ነገር ነው።

ከሰው ጋር ምትነጋገሩ ከሆነ፣ እናቶችንም ይሁን ደብተራዎችን፣ ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በፊት ኢቲክስ ክሊራንስ (የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ) አውጡ። ከሠራችሁ በኋላ ሚሰጥ ነገር የለም፣ ስንቱ ጓደኛዬ እዚህ ላይ ነው ወድቆ የቀረው። ሙዚየም ያለ ዕቃ ብቻ ከሆነ ምትገልጹት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ ቢሆንም ኮሚቴውን ጠይቃችሁ መልሱን በኢሜይል አስቀምጡ።

ፎቶው ላይ፣ የውጭ ሙዚየሞች ብዙዎቹ ምስሎቻቸውን በነፃ ፈቃድ ለቀዋል፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ለምሳሌ ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት ያለፈባቸውን ሥራዎች ምስል በሲሲ ዜሮ (ማንም ሳይጠይቅ ሚጠቀምበት ነፃ ፈቃድ) ነው የለቀቀው። ግን እያንዳንዱ ምስል ሥር ያለውን ፈቃድ አንብቡ፣ አንዱ ነፃ ስለሆነ ጎኑ ያለው ነፃ ነው ማለት አይደለም። ራሳችሁ ከሆነ ምታነሱት 300 ዲፒአይ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ፣ ፊልተር ምናምን ሳትነኩ። ከቱሪስት ሱቅ የተገዛ ክታብ ላይ ባትጽፉ ይሻላል፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ የቅርስ አዋጁም (209/1992 በኛ) ቅርስ እንዲሁ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፣ የናንተ ጽሑፍ ለተዘረፈ ዕቃ ዋጋ ማውጫ እንዳይሆን።

6ኛ፦ ጆርናሉን ከመጻፋችሁ በፊት ምረጡ።

አገር ውስጥ ጂማ ዩኒቨርሲቲ ሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናል አለ፣ የሐኪሞች ማኅበሩ የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል አለ (ከ1962 ጀምሮ ያለ ነው፣ ክብር ይገባዋል)፣ የጤና ልማት ጆርናሉም አለ። ውጭ ከሆነ ቢኤምጄ ሚያሳትመው «ሜዲካል ሂዩማኒቲስ» ለንዲህ አይነቱ ጽሑፍ የተሠራ ነው። የጆርናሉን የመጨረሻ ሁለት ሦስት ዕትም ክፈቱና እንደናንተ አይነት ጽሑፍ አውጥቶ ያውቃል ወይ ብላችሁ እዩ። አውጥቶ ካላወቀ ለአዘጋጁ አራት መስመር ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ፣ ሦስት ወር ከመጠበቅ ይሻላል።

ከአሳዳጅ (ፕሬዳቶሪ) ጆርናል፣ ማለትም ሳይገመግም ገንዘብ ብቻ ከሚሰበስብ ጆርናል ተጠንቀቁ። «ውድና የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ገና ተማሪ የሆነችን ልጅ ሚጽፍ፣ በሦስት ቀን ተቀብለናል ሚል፣ ክፍያውን መጨረሻ ላይ ሚናገር ከሆነ ሽሹ። አንድ የማውቀው ልጅ ለንደዚህ አይነቱ ደሞዙን ከፍሎ ጽሑፉ ወጣ፣ ዓመት ሳይሞላ ድረገጹ ጠፋ፣ ጽሑፉም አብሮ፣ ሌላ ቦታም አትሞታል ተብሎ አይወስዱለትም። «ቲንክ ቼክ ሰብሚት» ሚለውን ዝርዝር ተከትሉ፣ ጆርናሉን ዶአጅ (በነፃ ሚነበቡ ጆርናሎች ማውጫ) ውስጥ ፈልጉት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አገር ውስጥ ካለ ተቋም ምትልኩ ከሆነ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ክፍያውን ይተዋሉ፣ ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አገሮች ጆርናል ሚያቀርብ ፕሮግራም የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ስላለች። ግን ስትልኩ ነው ሚጠየቀው፣ ከተቀበሏችሁ በኋላ አይደለም። ጽሑፍ ለማንበብም በዛው ሂናሪ ሚባለው አለ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ የይለፍ ቃል አለው፣ ላይብረሪያኑን ጠይቁት፣ ደስ ይለዋል ማንም አይጠይቀውም።

7ኛ፦ አጻጻፉ።

መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት ሚባለው ቅርጽ ለሥዕል አይመችም፣ ቃለ መጠይቅ ከሌለው አታስገድዱት። ዕቃውን ግለጹ፣ ከዛ ምልክቱን፣ ከዛ የጤናውን ጥያቄ፣ ከዛ ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ ምን ይለወጣል ሚለውን። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ሥዕሉ ይታይ፦ ፈረሰኛው፣ ጦሩ፣ ከታች የወደቀችው ሴት። «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ» ብሎ ሚጀምር ጽሑፍ እኔ አልጨርስም።

የአማርኛና የግእዝ ቃል በላቲን ፊደል ስትጽፉ አንድ አጻጻፍ ያዙ፣ ሾተላይን ገጽ 2 ላይ በአንድ መንገድ ገጽ 5 ላይ በሌላ አትጻፉ። ዓመተ ምሕረት ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዛ በኋላ 8 ነው ሚጨመረው፣ ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት በጭረት አያይዛችሁ ጻፉ።

የራሳችሁ ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሲስተሙ የቤተሰብ ስም ይላል፣ እኛ የለንም፣ የአባታችሁን ስም ነው ምታስገቡት፣ ከዛ ሁሉም ሰው በአባታችሁ ስም ይጠራችኋል፣ ልመዱት። ግን አንዴ የመረጣችሁትን አጻጻፍ ፓስፖርታችሁ ላይ ካለው ጋር አንድ አድርጋችሁ አትቀይሩት፣ ኦርኪድ ቁጥርም አውጡ፣ ነፃ ነው፣ 16 አኃዝ ነው፣ ተመሳሳይ ስም ካለው ሌላ ሰው ይለያችኋል።

8ኛ፦ ማን ደራሲ ይሆናል?

የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴው አራት መስፈርት አለው፣ አራቱም መሟላት አለባቸው፦ ሥራው ላይ ትልቅ ድርሻ፣ መጻፍ ወይ በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ዲፓርትመንት ሄድ ስለሆነ ስሙን ማስገባት እዚህ ውስጥ የለም። (ለመናገር ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ።) ግእዙን ያነበቡላችሁ መሪጌታ ግን፣ ትርጉሙ ላይ ከልብ ሠርተው ረቂቁን አይተው ካጸደቁ፣ ለምን ደራሲ አይሆኑም? ብዙ ጊዜ ምስጋና ላይ እንኳ ስማቸው አይገባም። ቢያንስ ጠይቋቸው፣ አንዳንዱ ስሜ አይነሳ ይላል።

9ኛ፦ ገምጋሚው ሲመልስላችሁ።

አንድ ቀን አሳድሩት፣ በንዴት አትመልሱ። ከዛ እያንዳንዱን አስተያየት ኮፒ አድርጋችሁ ከሥሩ ምን እንዳደረጋችሁና ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ጻፉ። የጤናው ገምጋሚ «ይሄ ለክሊኒክ ምን ይጠቅማል» ይላል፣ የጥበቡ ገምጋሚ «ሥዕሉን ለሕክምና መገልገያ አደረጋችሁት» ይላል፣ ሁለቱም አንድ ጽሑፍ ላይ ይመጣሉ፣ ሁለቱንም ማስደሰት አይቻልም፣ የትኛውን ለምን እንዳልተቀበላችሁ በትሕትና አስረዱ። አዘጋጁ ነው ሚወስነው።

ሲቀበሏችሁ የመጨረሻውን ማረሚያ ይልኩላችኋል፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ቀን መልሱ ይላሉ። ስማችሁን፣ የሙዚየሙን ቁጥር፣ ከዛ ሥዕሉን እዩ። የኔ ክታብ ማረሚያው ላይ ተገልብጦ ነበር የመጣው፣ ሱስንዮስ ከታች ወርዘልያ ከላይ ሆና፣ ግእዙን ማንበብ ሚችል ሰው እዛ ስለሌለ ማንም አላየውም።